የቆየ ሞተር ብስክሌት የክራንክ ቤት መተንፈሻን ማሻሻል፦ ከምርመራ እስከ ሙከራ

የቆየ ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ጓርኒሲዮኑ (በሁለት ብረቶች መጋጠሚያ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ይቀየራል፣ የመጋጠሚያው ፊት በጥንቃቄ ይጠረጋል፣ ማስቲሽ ይቀባል፤ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ግን በሲሊንደሩ እግር ዙሪያ ዘይት ዳግመኛ ማላብ ይጀምራል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በጓርኒሲዮኑ ላይ ይላከካል፤ ከውስጥ የሚገፋው ግፊት እስካልተቀነሰ ድረስ ግን አዲሱ ጓርኒሲዮንም የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል። ግፊቱ የሚፈጠረው በክራንክ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ይህም ከሲሊንደሮቹ በታች ክራንክ ሻፍቱ (የፒስተኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ) የሚሽከረከርበት ዝግ ክፍል ነው፤ አየሩ የሚወጣበት መንገድ መተንፈሻ ይባላል። ይህ መመሪያ ያንን ግፊት ከምንጩ ለመቀነስ የሚያስችለውን ሥራ በቅደም ተከተል ያስረዳል። ለዋና ምሳሌነት የተወሰደው ሁለቱ ፒስተኖቹ እኩል ወጥተው እኩል የሚወርዱ፣ ይዘቱ 650 ሲሲ የሆነና ዘይቱ ከሞተሩ ውጭ በተለየ ጋን የሚቀመጥ፣ እንደ ትራያምፍ ቦነቪል ቲ120 ያለ ሞተር ነው።

ሞተሩ የሚተነፍሰው ምንድን ነው?

ፒስተን ሲወርድ ከሥሩ ያለውን አየር ይጨምቃል። በምሳሌያችን ሞተር ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ሲወርዱ ከክራንክ ቤቱ 650 ሲሲ ቦታ ይወስዳሉ፤ አብረው ሲወጡ ያንኑ ቦታ ይመልሳሉ። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሽከረከር ይህ በየሰከንዱ 100 ጊዜ ይደጋገማል። በፒስተን ቀለበቶች ጎን እያመለጠ ወደ ክራንክ ቤት የሚገባው የቃጠሎ ጋዝ፣ ሞተሩ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ፣ ከዚህ ወዲያና ወዲህ ከሚመላለሰው አየር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

የሥራው ሁሉ ቁልፍ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቶ ማየት ነው። የቃጠሎው ጋዝ የግድ መውጣት አለበት። የሚመላለሰው አየር ግን አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ተመልሶ የሚገባበት ምክንያት የለም። ብዙዎች የዘይት ማላብን ለማስቆም መተንፈሻውን ማስፋት ብቻ ይሞክራሉ፤ የሰፋ ቀዳዳ ግን የሚያስወጣውን ያህል ያስገባል፣ ከአየሩም ጋር አቧራና እርጥበት ይስባል። የሚያስፈልገው በር የሚከፈተው ወደ ውጭ ብቻ ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። ፒስተኖቹ ላይኛው ጫፍ ሲደርሱ የክራንክ ቤቱ ባዶ ቦታ 3 ሊትር ነው እንበል፤ ታች ሲደርሱ 2.35 ሊትር ይሆናል። ቤቱ ከከባቢው አየር ጋር እኩል በሆነ ግፊት ላይ ሳለ ጨርሶ ቢታሸግ፣ ፒስተኖቹ በወረዱ ቁጥር ግፊቱ ከከባቢው አየር በ28 በመቶ ገደማ ይበልጣል። የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ሲገጠምለት ግን ትርፉ አየር ፒስተኖቹ ሲወርዱ ይወጣል፤ ሲወጡ ምንም ስለማይገባ ግፊቱ ከከባቢው አየር እስከ 22 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል። በተግባር ቫልቩም መጋጠሚያዎቹም ፍጹም ስላልሆኑ ውጤቱ ከዚህ ያንሳል፤ ይሁንና የግፊቱ አማካይ ከከባቢው አየር በታች እስከሆነ ድረስ ዘይቱ ወደ ውጭ የሚገፋው ነገር አይኖርም።

ሞተርዎ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አስቀድመው ይለዩ። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር እንደ ምሳሌያችን ነው። ሁለቱ ፒስተኖቹ ተቃራኒ ሆነው አብረው ወደ መሐል የሚገቡት የቢኤምደብሊው ቦክሰርም እንደዚሁ ነው። አራት ሲሊንደር ያለው ሆንዳ ሲቢ750 ግን ሁለቱ ሲወጡ ሁለቱ ስለሚወርዱ የውስጡ ስፋት ብዙም አይለዋወጥም። ለዚህ ዓይነቱ ሞተር የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ የሚፈይደው ትንሽ ነው፤ ነባሩን ቱቦና የዘይት መለያ ክፍል ማጽዳት ይበቃዋል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት

የመተንፈሻ ሥራ ያረጀ ሞተርን አያድስም። በመጀመሪያ የሲሊንደሮቹን ኮምፕሬሽን ይለኩ። የሚቻል ከሆነም ፒስተኑ በመጭመቂያው ምት ጫፍ ላይ ሳለ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር አስገብተው በክራንክ ቤቱ መተንፈሻ ጆሮ ይጣሉ። በዚህ ጊዜ ክራንክ ሻፍቱ በድንገት እንዳይዞር ማርሽ አስገብቶ የኋላውን ፍሬን መርገጥ ያስፈልጋል። ጎልቶ የሚሰማ ፉጨት ካለ ቀለበቶቹ ወይም ሲሊንደሩ አልቀዋል ማለት ስለሆነ መጠገን ያለበት እርሱ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዘይታቸው በተለየ ጋን የሚቀመጥ ሞተሮች ለሳምንታት ሲቆሙ ዘይቱ በፓምፑ በኩል ቀስ በቀስ እየሾለከ ወደ ክራንክ ቤቱ ይወርዳል። እንዲህ የሆነ ሞተር ሲነሣ በመተንፈሻው በኩል ዘይት ይተፋል፤ ባለቤቱም መተንፈሻውን ይከሳል። ስለዚህ ከቆመ በኋላ ገና ሳይነሣ የክራንክ ቤቱን የታችኛ መክፈቻ ፈትተው የሚወጣውን ዘይት በመለኪያ ይቀበሉ። እንደ እኔ ግምት ከሩብ ሊትር በላይ ከወጣ መጀመሪያ መታየት ያለበት የዘይት ፓምፑና የመዝጊያው ጥይት (ትንሿ የብረት ኳስ) ነው። ጋኑን እንደገና ሞልተው ሞተሩን ካነሡት በኋላ ደግሞ ዘይቱ ወደ ጋኑ እየተመለሰ መሆኑን በጋኑ አፍ በኩል ይመልከቱ።

ሦስተኛው ሥራ ክራንክ ቤቱ አየር የሚያሾልክባቸውን ቦታዎች ማግኘት ነው። ሞተሩ ቆሞ ሳለ በመተንፈሻው አፍ ላይ ቱቦ ሰክተው ቀስ ብለው ይንፉ፤ የአፍ ትንፋሽ ይበቃል። ከ10 ኪሎ ፓስካል በላይ የሚሰጥ ፓምፕ ኦይል ሲሎቹን (በሚሽከረከሩ ዘንጎች ዙሪያ ዘይት የሚያግዱትን ቀለበቶች) ከቤታቸው ሊያወጣ ስለሚችል አይጠቀሙ። የሳሙና ውኃ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ሲቀባ አረፋ የሚሠራበት ቦታ በኖራ ምልክት ይደረግበታል። ቫልቩ ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ በእነዚህ ቦታዎች በኩል አየር ስለሚስብ፣ አንድ ያልታሸገ ክፍተት ብቻ ሥራውን ሁሉ ከንቱ ሊያደርገው ይችላል።

ነባሩን መተንፈሻ ማወቅ

አዲስ ነገር ከመጨመር በፊት ፋብሪካው ምን አስቦ እንደነበር መረዳት ይገባል። እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ድረስ የተሠሩት የትራያምፍ 650ዎች የሚተነፍሱት የመቀበያ ቫልቮቹን በሚያንቀሳቅሰው ካም ሻፍት ጫፍ ላይ በስፕሪንግ ተገፍታ በምትሽከረከር ቀዳዳ ባላት ዲስክ በኩል ነው። ዲስኳ ፒስተኖቹ ሲወርዱ መንገዱን ትከፍታለች፣ ሲወጡ ትዘጋለች። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ድክመቱ መንገዱ ጠባብ መሆኑ፣ ዲስኳም ፊቷ ሲበላ በደንብ አለመዝጋቷ ነው። ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ ፋብሪካው ዲስኳን ትቶ ክራንክ ቤቱ ክራንክ ሻፍቱን በሚሸከመው በዋናው ኩሽኔታ በኩል ወደ ፕራይመሪ ሰንሰለት ቤት (የሞተሩን ኃይል ወደ ማርሹ የሚያደርሰው ሰንሰለት ያለበት ክፍል) እንዲተነፍስ አደረገ፤ በመሐል ባለው ግድግዳ ላይ የተበሱት ሦስት ትናንሽ ቀዳዳዎች የሰንሰለት ቤቱን የዘይት ከፍታ ይጠብቃሉ፣ አየሩም ከሰንሰለት ቤቱ ኋላ በሰፊ ቱቦ ይወጣል። ይህ ሞዴል ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ምንም ሳይበሳ ቫልቩን ከሰንሰለት ቤቱ መውጫ አጠገብ መግጠም ብቻ ይበቃዋል።

የቀድሞው ሮያል ኢንፊልድ ቡሌት ከዚህም ይቀላል። በመተንፈሻው ጫፍ ላይ እንደ ዳክዬ አፍ የተለጠፈ ጎማ አለው፤ ከንፈሮቹ ሲነፋባቸው ይከፈታሉ፣ ሲሳቡ ይጣበቃሉ። ይህ ጎማ ደርቆ ተከፍቶ ከቀረ ወይም በዝቃጭ ተጣብቆ ከተዘጋ፣ ማሻሻያው እርሱን በአዲስ መተካት ነው፤ ሌላ ነገር መፈለግ አያስፈልግም።

ቫልቩን መምረጥ

ቫልቩ በየሰከንዱ እስከ 100 ጊዜ መከፈትና መዘጋት ስላለበት ዋናው መመዘኛ የሚንቀሳቀሰው ክፍል ቀላልነት ነው። በዚህ ረገድ ሪድ ቫልቭን የሚተካከለው የለም። ምላሱ ከቀጭን ብረት ወይም ከፋይበር የተሠራ ቅጠል ስለሆነ በትንሽ የግፊት ልዩነት ይነሣል፣ ወዲያውም ይመለሳል። ለመኪና ፍሬን ማገዣ የሚሠራው ርካሽ የአንድ አቅጣጫ ቫልቭም በዝቅተኛ ዙር ይሠራል፤ ስፕሪንጉና መዝጊያው ግን ከባድ ስለሆኑ ዙሩ ሲጨምር ይዘገያል፣ ቀዳዳውም ጠባብ ነው። የመኪና ፒሲቪ ቫልቭን (በመኪና ሞተር ላይ የክራንክ ቤቱን ጋዝ ወደ አየር መሳቢያው ቱቦ፣ ማለትም ወደ ማኒፎልዱ የሚያሳልፈውን) ግን አልመክርም፤ እርሱ የተሠራው በመኪናው ማኒፎልድ ቫኪዩም እየታዘዘ የጋዙን መጠን ለመመጠን እንጂ የሚመላለስ አየርን በፍጥነት ለመቁረጥ አይደለም።

ማንኛውም ቫልቭ ከመገጠሙ በፊት አዲስና ንጹሕ ሆኖ ሳለ በአፍ ይፈተሻል። ከክራንክ ቤቱ በኩል በሚሆነው ጫፍ ሲነፉበት ያለ ችግር ማሳለፍ፣ ሲስቡት ደግሞ ወዲያው መዝጋት አለበት። የአየሩን መውጫ አቅጣጫ በማይለቅ ቀለም ቀስት አድርገው ይሳሉበት። ይህ ቀስት ቀልድ አይደለም። ተገልብጦ የተገጠመ ቫልቭ ፒስተኖቹ በወጡ ቁጥር አየር ያስገባል፣ ሲወርዱም አያስወጣም፤ ክራንክ ቤቱ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ እንደ ጎማ ስለሚነፋ በመጀመሪያ የሚለቀው ኦይል ሲሉ ነው።

ቫልቩ የሚቀመጥበት ቦታ

ከዕቃው ጥራት ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው ይህ ነው። እኔ በመጀመሪያ ሙከራዬ ጥሩ ሪድ ቫልቭ ገዝቼ፣ ለእይታ እንዳያስቀይምና ለመፍታት እንዲመች ብዬ፣ አንድ ሜትር ገደማ በሚረዝም ቱቦ ጫፍ ላይ ከመቀመጫው ሥር ሰካሁት። የሲሊንደሩ እግር እንደ ቀድሞው ማላቡን ቀጠለ፤ ቱቦውም ውስጥ ወተት የመሰለ የዘይትና የውኃ ድብልቅ ተጋገረ። ያንኑ ቫልቭ ከክራንክ ቤቱ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ካዛወርኩት በኋላ ማላቡ ቆመ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በክራንክ ቤቱና በቫልቩ መካከል ያለው ቱቦ የክራንክ ቤቱ ተቀጥላ ነው፤ በውስጡ ያለው የአየር ዓምድ እንደ ስፕሪንግ እየተጨመቀና እየተለጠጠ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፣ ቫልቩም ዘንድ የሚደርሰው ደካማ ትንፋሽ ይሆናል።

ስለዚህ ከቫልቩ በፊት ያለው ቱቦ በተቻለ መጠን አጭር፣ ቢበዛ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ለ650 ሲሲ ሞተር የውስጥ ስፋቱ ከ16 እስከ 19 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ 12 ሚሊ ሜትርም ከምንም ይሻላል። ከቫልቩ በኋላ ያለው ቱቦ ቢረዝም ብዙ አይጎዳም፤ ከቫልቩ መውጫ ግን መጥበብ የለበትም።

መውጫ ያለው ሞተር ላይ ያንኑ ይጠቀሙ። መውጫው ጠባብ ከሆነ ሌላ አማራጭ መፈለግ ግድ ይላል። ከክራንክ ቤቱ ጋር በሰፊ ቀዳዳ የሚገናኝ የማርሽ ክፍል ሽፋን ወይም በብሎን የሚታሰር ክዳን ካለ፣ ትርፍ ሽፋን ገዝቶ በእርሱ ላይ መሥራት ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ዋናው ዕቃ ሳይነካ ይቀራል፣ ሥራው ቢበላሽም ኪሳራው አንድ ሽፋን ብቻ ነው። የክራንክ ቤቱን ግድግዳ ራሱን መብሳት የሚገባው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ሳለ ብቻ ነው። ቅባት በተቀባ መሰርሰሪያ ፍቅፋቂው ሁሉ ይያዛል የሚለውን ምክር አልቀበልም፤ በኩሽኔታ ላይ የምታርፍ አንዲት የአሉሚኒየም ፍንጣሪ ከዘይት ማላብ የከፋ ጉዳት ታደርሳለች።

አዲሱ መውጫ ከዘይት ፍንጣቂ መራቅ አለበት። የክራንክ ሻፍቱ ከባድ የብረት ጎማ (ፍላይዊል) ሲሽከረከር ዘይቱን በክቡ አቅጣጫ ስለሚወረውር፣ በዚያ ትይዩ የተበሳ ቀዳዳ ከአየር ይልቅ ዘይት ያወጣል። ሌላ ቦታ ከጠፋ ከቀዳዳው ፊት ለፊት ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ትታ የምትቆም ትንሽ የብረት ጋሻ በውስጥ በኩል ይታሰር፤ አየሩ ዞሮ ሲወጣ ዘይቱ በጋሻዋ ላይ ቀርቶ ይወርዳል።

አንድ ነገር አይዘንጋ፦ አዲሱ ቫልቭ ሲገጠም አሮጌው መተንፈሻ ክፍት ሆኖ ከቀረ አየሩ በእርሱ በኩል ይመለሳል። በተለይ ዲስኳ ያለቀች የትራያምፍ ሞተር ከሆነች የቀድሞው ቱቦ በደንብ ይደፈን፣ ወይም ለእርሱም ቫልቭ ይደረግለት።

ቱቦውና የዘይት መያዣው

ዘይትና ሙቀት የሚችል የናይትራይል ጎማ ቱቦ ይጠቀሙ፤ ብርሃን የሚያሳልፈው ተራ ፕላስቲክ ለሙከራ ቢያመችም በሞተሩ ሙቀት ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ከዚያም ከመጋጠሚያው ይወልቃል። በሁለቱም ጫፍ ፋሼታ ይታሰር። ከክራንክ ቤቱ እስከ ቫልቩ ያለው ክፍል ወደ ላይ እንዲያዘነብል ያድርጉት፤ የተጠራቀመው ዘይት በራሱ ክብደት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከቫልቩ በኋላ ያለው ደግሞ እስከ መጨረሻው እየወጣ ወይም እስከ መጨረሻው እየወረደ ይሂድ እንጂ በመሐል እንደ ገመድ አይርገብ። በረገበው ቦታ ውኃ ይጠራቀማል፤ በብርቱ ቅዝቃዜ ያ ውኃ በረዶ ሆኖ ቱቦውን ሲደፍነው፣ በማለዳ የሚነሣው ሞተር የሚተነፍስበት ያጣል።

የመጨረሻው መውጫ ወዴት ይሁን? በአንዳንድ የድሮ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ቱቦው የኋላውን ሰንሰለት እንዲያለሰልስ ታስቦ ወደዚያ ይዘረጋ ነበር። ከሰንሰለቱ የሚረጨው ዘይት ግን ወደ ኋላ ጎማ ስለሚደርስ ይህን ልማድ መተው ይሻላል። የተሻለው መንገድ ግማሽ ሊትር ያህል የሚይዝ ጠርሙስ ወይም የአሉሚኒየም ዕቃ ማዘጋጀት ነው። ቱቦው በጎኑ ይገባል፤ በውስጡ ከማይዝግ ብረት የተሠራ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ላላ ተደርጎ ይቀመጣል፤ በአናቱ ላይ ከመግቢያው የማይጠብ መውጫ ይኖረዋል። ተራው የብረት ሱፍ እየተበጣጠሰ ስለሚዝግ አይሆንም። አየር ማጽጃ ቤቱን አካቶ በዝግ ሥርዓት የተሠራ፣ ሕግም ያንን የሚጠይቅበት ሞተር ከሆነ መውጫው ከጠርሙሱ ወደ አየር ማጽጃው ቤት ይመለስ።

በጠርሙሱ የተጠራቀመውን ወደ ዘይት ጋኑ በራሱ እንዲመለስ የሚያደርጉ አሉ። እኔ በእጅ ማፍሰሱን እመርጣለሁ፤ የሚጠራቀመው ግማሹ ውኃ ስለሆነ ተመልሶ ከዘይቱ ጋር እንዲቀላቀል አልፈልግም፣ መጠኑም ስለ ሞተሩ ጤንነት ይነግረኛል።

ሙከራ

ለሙከራው ካርቡራተር ለማመጣጠን የሚያገለግለው የቫኪዩም ጌጅ ይበቃል። ትርፍ የሮከር መፈተሻ ክዳን (በሲሊንደሩ አናት ላይ ቫልቮቹን የሚገፉትን ክንዶች ለማየት የሚከፈተው) ላይ ትንሽ አፍንጫ ተበይዶለት ወይም ተጠምዞበት ጌጁ በእርሱ በኩል ይያያዛል፤ የሮከር ቤቱ በግፊት ዘንጎቹ ቱቦዎች በኩል ከክራንክ ቤቱ ጋር ስለሚገናኝ ግፊቱ ተመሳሳይ ነው። መርፌው እንዳይንቀጠቀጥ በመሐል 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ያላት መጥበቢያ ይግባ። ቱቦውን በውኃ ዕቃ ውስጥ ነክሮ አረፋ መቁጠር የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ ይህን አያድርጉ፣ ቫልቩ በደንብ ካልዘጋ ሞተሩ ውኃውን ይጠጣዋል።

ሞተሩን ካሞቁ በኋላ በመጀመሪያ ያለ ቫልቭ፣ ቀጥሎ ከቫልቩ ጋር በሥራ ፈት ዙርና ከፍ ባለ ዙር ንባቡን ይመዝግቡ። ያለ ቫልቭ መርፌው በዜሮ ዙሪያ ይዋልላል ወይም ጨርሶ አይነሣም። ከቫልቩ ጋር ጥቂት ኪሎ ፓስካል ቫኪዩም ካሳየ ሥራው ተሳክቷል። በሥራ ፈት ዙር ጥሩ ሆኖ በከፍተኛ ዙር ወደ ዜሮ የሚመለስ ንባብ ቫልቩ እንደዘገየ ወይም መውጫው እንደጠበበ ያሳያል። በየትኛውም ዙር ምንም የማያሳይ ከሆነ ደግሞ ወደ ሳሙናው ውኃ ይመለሱ።

ቫኪዩሙ በበዛ ቁጥር ይሻላል ብሎ መደምደምም ስሕተት ነው። የኦይል ሲል ከንፈር የተሠራው ከአንድ ወገን የሚመጣን ግፊት እንዲመክት ነው። ከ1970 ሞዴል በፊት በነበሩት ትራያምፎች ክራንክ ቤቱን ከፕራይመሪ ሰንሰለት ቤቱ የሚለየው ሲል ካረጀ፣ ክራንክ ቤቱ የሰንሰለቱን ዘይት ይጠጣል፤ ምልክቱ የሰንሰለት ቤቱ ዘይት ያለ ውጫዊ መፍሰስ መጉደሉና የጋኑ ዘይት መጨመሩ ነው። ስለዚህ ቫልቩ ከተገጠመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 500 ኪሎ ሜትሮች የሁለቱም የዘይት ከፍታ ይታይ። ሞተሩ ላይ ያረፈው አሮጌ ዘይት በደንብ ታጥቦ ከዚያ በኋላ ብቻ የትኛው መጋጠሚያ እንደሚያልብና እንደማያልብ ይፈረድ።

ጠርሙሱ ለአጭር ጉዞ በሚውል ሞተር ብስክሌት ላይ ቶሎ ይሞላል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ እንፋሎቱ ቱቦው ውስጥ ውኃ ሆኖ ይቀራል። ነጣ ያለ አረፋ እዚህ ማየት አያስደነግጥም። ቫልቩ በእያንዳንዱ የዘይት ቅያሪ ይፈታ፣ በነጭ ጋዝ ይታጠብ፣ ምላሶቹም በብርሃን ይታዩ፤ ጫፋቸው የተሰነጠቀ ወይም ከወንበራቸው የተነሣ ከሆነ ይቀየሩ። ከምላሱ የተቆረሰ ነገር ካለ ቁራጩ በመጀመሪያ በጠርሙሱ ሽቦ ውስጥ፣ ቀጥሎ በቱቦው፣ ከዚያም ከቫልቩ በፊት ባለው አጭር ክፍል ይፈለጋል፤ እስኪገኝ ድረስ ሞተሩ አይነሣም።